የአሸዋ እጣቢ አይደፋም፦ ከማጠቢያው ጉድጓድ እስከ ግድግዳው

ድሬዳዋ ውስጥ አሸዋ የሚገዛ ሰው የሚያየው ሲኖው የገለበጠለትን ክምር ብቻ ነው። ያ አሸዋ ተነፍቶና ታጥቦ ከሆነ ግን ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ሌላ ክምር ትቶ ነው የመጣው። ወንፊት ላይ የቀረ ጠጠር አለ። ከውሃው ጋር የወረደ ጭቃ አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ አሸዋም ጭቃም ለማለት የሚያስቸግር፣ በጣት ሲያሹት እንደ ላመ ዱቄት የሚሆን ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ታፍሶ በጋሪ ይወጣና ወንዝ ዳር ይደፋል።

እኔ ከሳቢያን ወጣ ብሎ አሸዋ እያጠብኩ ብሎኬት የማመርት ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው እዚሁ ድሬና ሐረር ዙሪያ አሸዋ ለሚያጥቡ፣ ብሎኬት ለሚያመርቱና ቤታቸውን ራሳቸው ቆመው ለሚያሠሩ ሰዎች ነው። የምለው ነገር አንድ ነው፦ እጣቢውን ቆሻሻ የሚያደርገው መደባለቁ ነው። ለየብቻ ከተያዘ ለእያንዳንዱ ቦታ አለው። አንዴ ከተቀላቀለ ግን መልሶ የሚለየው የለም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ውሃው ከማጠቢያው ከሚወጣበት ደቂቃ ነው።

አሸዋው መታጠብ አለበት ወይ?

ሁሉም አሸዋ አይታጠብም፤ በተለይ እንደኛ ውሃ በሚወደድበት ከተማ። ጎኑ ቀጥ ያለ የመስታወት ብርጭቆ ውሰዱ። እስከ ግማሹ አሸዋ ጨምሩና ከአሸዋው በላይ ከፍ እስኪል ውሃ ሙሉበት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አክሉ። ጨው ጭቃው ቶሎ እንዲረጋ ያደርገዋል። አፉን በእጃችሁ ከድናችሁ አጥብቃችሁ ናጡትና ለ3 ሰዓት ሳትነኩት ተዉት። ከታች አሸዋው፣ ከላዩ ጭቃው ተለያይተው ይታያሉ። የጭቃውን ውፍረት በማስመሪያ ለክታችሁ ለአሸዋው ከፍታ አካፍሉት። ከ100 እጅ 6 እጅ ካለፈ የአገራችን ደረጃ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ ይላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጭቃው እያንዳንዷን የአሸዋ ቅንጣት ይለብሳታል፤ ሲሚንቶው ድንጋዩን መያዝ ሲገባው ጭቃውን ይይዛል። ጭቃ ውሃም ይጠጣል። ሠራተኛው ኮንክሪቱ ደረቀ ብሎ ውሃ ሲጨምርበት ጥንካሬው ይወርዳል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ሦስት ጉድጓድ

አሸዋው መጀመሪያ በደረቁ፣ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ይነፋል። ላይ የቀረው ጠጠር ለብቻው ይከመራል፤ እሱ ጋ ውሃ ማባከን አያስፈልግም። ያለፈው ወደ ማጠቢያው ይገባል። ከማጠቢያው የሚወጣው የደፈረሰ ውሃ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ የተለመደ ነው። እኔ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶችን በተከታታይ እንድትቆፍሩ እመክራለሁ። ጥልቀታቸው ከጉልበት ባይበልጥ ይሻላል። ግድግዳቸው በሲሚንቶ ይለሰን ወይም ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍበት። ውሃው በአንዱ ጫፍ ይግባ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ካለ ዝቅ ያለ አፍ እየፈሰሰ ወደሚቀጥለው ይሂድ። መግቢያውና መውጫው ጎን ለጎን ከሆኑ ውሃው ሳያርፍ ያልፋል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ለምን ሦስት? ከባዱ ቶሎ፣ ቀላሉ ዘግይቶ ስለሚረጋ ነው። ደቃቅ አሸዋ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ለመውረድ 10 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። እውነተኛው ሸክላ ጭቃ ግን ያንኑ 10 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ አንደኛው ጉድጓድ ደቃቅ አሸዋ ይይዛል፣ ሁለተኛው ያንን ዱቄት መሳይ ደለል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚጣበቀውን ሸክላ። ውሃው ራሱ በነጻ ለይቶ ይሰጣችኋል። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ሌሊቱን የጠራው ውሃ ጠዋት በፓምፕ ወደ ማጠቢያው ይመለሳል።

ጉድጓዶቹን እጠሩ። ልጆች የረጋ ጭቃ መሬት ይመስላቸዋል። ደርቆ የሚፈጨውን ደግሞ ውሃ አርከፍክፉበት፤ ሠራተኛው አፍንጫውን ይሸፍን። የአሸዋ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከመልፋት በከተማችን መሐል ወደሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ መድፋቱ አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ድሬ ውስጥ ያንን ሌሊት የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ያ ወንዝ ዓመቱን በሙሉ ደርቆ ይተኛና ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሲመጣ የሚያልፍበት ስፋት ያስፈልገዋል። የምንደፋው እያንዳንዱ ጋሪ ጭቃ ከዚያ ስፋት ላይ ይቀንሳል። አቦ፣ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ላይ መቅለልና መክበድ አይታሰብም።

ጠጠሩ

ይህ ቀላሉ ነው። ወንፊት ላይ የቀረው ጠጠር ለቤት ወለል ከሚነጠፈው ድንጋይ መሐል ክፍተት መሙያ፣ ለፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ፣ ከመሠረት ውጭ ለውሃ ማሳለፊያ ቦይ ይሆናል። ጭቃ ከለበሰ ለኮንክሪት አይሁን። ታጥቦ በመጠን ከተለየ ግን አጥርና ግቢ ለሚነጠፍ ኮንክሪት ይሠራል። የወንዝ ጠጠር ክብና ልስልስ ስለሆነ ከክሬሸር፣ ማለትም ከድንጋይ መፍጫ እንደሚወጣው ጠጠር አይነክስም፤ ለኮለን (ለምሰሶ) እና ለሶሌታ (ለኮንክሪት ወለል) ከክሬሸር 02 የሚባለውን ጠጠር ግዙ።

የክሬሸር ዱቄት ከጭቃ ጋር አይቆጠር

ከክሬሸር የሚወጣው 00 የሚባለው ዱቄትም እንደ እጣቢ ሲታይ አያለሁ። እሱ ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩ ሲሰበር የወጣ የድንጋይ ዱቄት እንጂ ሸክላ አይደለም። ቀድሞ ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረው የእንግሊዝ ደረጃ ለተፈጥሮ አሸዋ ደቃቁ ከ4 በመቶ እንዳያልፍ ሲል፣ ከተፈጨ ድንጋይ ለተገኘ አሸዋ እስከ 16 በመቶ ይፈቅድ የነበረው ለዚህ ነው። ለብሎኬት ጥሩ ነው፤ ክፍተቱን ይሞላል፣ ጠርዙን ያሳምረዋል።

የሚያጠራጥር ዱቄት ካጋጠማችሁ በውሃ ለውሳችሁ የእንቁላል መጠን ያለው ድቡልቡል ሥሩና ፀሐይ ላይ አድርቁት። በሁለት ጣት ስትጫኑት ከፈራረሰ የድንጋይ ዱቄት ነው ወይም ደለል። እጃችሁን እስኪያምማችሁ ተጭናችሁ አልሰበር ካለ ሸክላ አለበት፤ ከብሎኬቱ አርቁት።

የታመቀ ጡብ

አብዛኛው እጣቢ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

መሣሪያው በእጅ ዘንግ የሚጫን መጭመቂያ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮሎምቢያ ውስጥ ተሠርቶ ሲንቫ ራም በሚል ስም ብዙ አገር ደርሷል። ጥሩ ብየዳ የሚያውቅ ሰው አይቶ ሊሠራው ይችላል። የሚያወጣው ጡብ 29 በ14 በ9 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱ 7 ኪሎ አካባቢ። እሳት አይፈልግም፣ እንጨት አይፈጅም።

ጡቡ ጥሩ የሚሆነው አሸዋው አጥንት፣ ሸክላው ማያያዣ ሆኖ ሲገኝ ነው። አሸዋ ብቻ ከሆነ ከመጭመቂያው ሲወጣ ይፈርሳል። ሸክላ ብቻ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ደለል ብቻ ከሆነ ደግሞ መልኩ ያምራል፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። የእኔ መነሻ ድብልቅ ይህ ነው፦ ከአንደኛው ጉድጓድ 3 ሳጥን፣ ከሦስተኛው 1 ሳጥን፣ በወንፊት ካለፈ ደቃቅ ጠጠር 1 ሳጥን። የሁለተኛው ጉድጓድ ደለል ከጠቅላላው ከአንድ አምስተኛ እንዳያልፍ። ሳጥን የምለው ለኮንክሪት የምንሰፍርበትን፣ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነውን የእንጨት ሳጥን ነው። አንድ ሳጥን ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር በይዘት እኩል ስለሚሆን ሒሳቡ አያስቸግርም።

ይህ መነሻ ነው፤ የእናንተ አሸዋ ከሌላ ወንዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሲሚንቶውን መጠን የሚወስነው የመሸብሸብ ሳጥኑ ይሁን። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱና ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፍት የእንጨት ሳጥን ታሠራላችሁ። ውስጡን ዘይት ቀቡት። ድብልቁን ያለ ሲሚንቶ በውሃ አርሱትና ማዕዘኖቹን በእንጨት እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፤ ከላይ ደልድሉት። 3 ቀን ፀሐይ ላይ ወይም 7 ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ። ሲደርቅ ይሸሻል፤ ተቆራርጦም ሊሆን ይችላል። ቁርጥራጩን ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ግፉትና የተከፈተውን ክፍተት ለኩ።

ክፍተቱ ከ15 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለ18 ሳጥን አፈር 1 ሳጥን ሲሚንቶ ይበቃል። ከ15 እስከ 30 ከሆነ ለ16፣ ከ30 እስከ 45 ከሆነ ለ14፣ ከ45 እስከ 60 ከሆነ ለ12 አንድ ነው። ከ60 ካለፈ ሸክላው በዝቷል፤ ሲሚንቶ ከማባከን ከአንደኛው ጉድጓድ አሸዋ ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። ለ16 አንድ በሆነው ድብልቅ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 100 ገደማ ጡብ ይወጣል። ሸክላ የበዛበት አፈር ብቻ ያለው ሰው በሲሚንቶ ፈንታ ኖራ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ኖራ ከሸክላ ጋር ይዋሃዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። እዚህ ኖራ ድንጋይ ሞልቷል፤ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ድሬ ላይ ሲሚንቶ የሚመረተውም በዚሁ ነው።

ጭቃው ከጉድጓድ ወጥቶ በደንብ ይድረቅ፣ ጓሉ ይፈጭ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ። ያልተፈጨ የሸክላ ጓል ጡብ ውስጥ ከገባ በዝናብ ጊዜ ከዚያው ቦታ ይቦረቦራል። ሲሚንቶውና አፈሩ መጀመሪያ በደረቁ መልኩ አንድ እስኪሆን ይገላበጥ። ውሃው በአበባ ማጠጫ ቀስ እያለ ይርከፍከፍ፤ በባልዲ አይደፋ።

ውሃው ልክ መሆኑን እጃችሁ ይነግራችኋል። አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ድቡልቡል አድርጉትና ከ1 ሜትር ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ልቀቁት። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልኩ ነው። ከተበተነ ደርቋል፤ ጠፍጥፎ ከቀረ ውሃ በዝቶበታል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሰሞን «እትዬ፣ ይህ ደረቅ አይደለም እንዴ?» ይላሉ፤ ለኮንክሪት የለመደ ዓይን እርጥቡን ይወዳል። ለዚህ ጡብ ግን ጥንካሬውን የሚሰጠው ጭመቃው ነው፤ ውሃ የሞላበት አፈር አይታመቅም።

ሲሚንቶ የነካው ድብልቅ በድሬ ሙቀት አይቆይም። በ45 ደቂቃ ውስጥ ተጭኖ እንዲያልቅ በትንሽ በትንሹ ለውሱ። ከረፋዱ በኋላ ፀሐይ ላይ መሥራት ጡብ ማበላሸት ነው፤ ማልዳችሁ ጀምሩ፣ ቀትር ላይ አቁሙ፣ ሲበርድ ቀጥሉ። ጥላ ያለው ቦታ ከሌለ በዳስ ሥሩ።

የወጣውን ጡብ በሁለት መዳፍ ጎኖቹን ይዛችሁ ላስቲክ የተነጠፈበት መሬት ላይ በጠባብ ጎኑ አቁሙት። በዚያ ቀን አይደራረብም። ወዲያው በላስቲክ ይሸፈን። ከማግስቱ ጀምሮ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፣ ከላስቲኩ ሥር አይውጣ። ብዙ ሰው ሲሚንቶ ቆጥቦ ላስቲክ ይረሳል፤ የድሬ ደረቅ ነፋስ ግን ሲሚንቶው ሥራውን ሳይጨርስ ውሃውን ይሰርቀዋል፣ ጡቡም ላዩ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ እስከ 5 ረድፍ መደርደር ይቻላል። ግድግዳ ላይ የሚወጣው 28 ቀን ሲሞላው ነው። የተሠራበትን ቀን ገና እርጥብ ሳለ በምስማር ጻፉበት፤ ገዢው ቸኩሎ ሲለምን የሚመልስለት እሱ ነው።

ሲገነባ መሠረቱ ድንጋይ ይሁንና ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቆርቆሮው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይሸፍን። ማያያዣው ከዚያው አፈር ሆኖ ሲሚንቶው ከጡቡ እጥፍ ይደረግ። በጣም ጠንካራ የሲሚንቶ ማያያዣ ከዚህ ጡብ ጋር አይስማማም፤ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው ጡቡ ይሆናል።

የቀረው ሸክላ

ሦስተኛው ጉድጓድ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣል። ሐረር ጁገል ውስጥ ያሉትን ቤቶች ተመልከቱ፤ ድንጋያቸው የተያያዘው በጭቃ ነው፣ ትውልድ አልፎባቸው ቆመዋል። የቆሙት ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ፣ ጣሪያቸው ስለሚጠገንና ልስናቸው በየጊዜው ስለሚታደስ ነው። የእኛም ሸክላ ለድንጋይ አጥር ማያያዣ፣ ለጭቃ ቤት ምርጊት ይሆናል። ለምርጊት ሸክላውን ከጭድ ጋር ለውሳችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት እርጥቡን አክርሙት፤ በእግር ርገጡት። ከአንደኛው ጉድጓድ አሸዋ አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት እጅ የተጨመረበት ሦስት ሙከራ ግድግዳው ላይ በክንድ ስፋት ለጥፉና ይድረቅ። ያልተሰነጠቀውን፣ በጣትም ሲታሽ የማይረግፈውን ምረጡ። የመጨረሻው ሽፋን በኖራ ይቀባ።

የሁለተኛው ጉድጓድ ደለል ነው አስቸጋሪው። ለወለል ሙሌት እንዳትጠቀሙበት፤ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ወለሉ ይሰምጣል። ከጡቡ የተረፈውን ከፍግ ጋር ቀላቅዬ ለችግኝ ነው የማውለው።

ጨውና ገራባ

ሁለት ነገር ይህን ሁሉ ያበላሻል። አንዱ ጨው ነው። ውሃው ተመልሶ ተመልሶ ሲታጠብበት፣ ፀሐይም ሲያተንነው፣ ጨዉ ጉድጓዱ ውስጥ እየከበደ ይሄዳል። ከዚያ ጭቃ የተሠራ ግድግዳ ነጭ ያወጣል፣ ቀለሙ ይላጣል። ለመፈተን ከጭቃው አንድ እፍኝ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ናጡት፣ ይረጋ፣ የጠራውን በጨርቅ አጥሩትና ብረት ምጣድ ላይ ቀቅላችሁ አድርቁት። ያው የታሸገ ውሃ ብቻውን ሲደርቅ ከሚተወው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ነጭ ቅርፊት ከሆነ የጉድጓዱን ውሃ ቀይሩ። በቧንቧ ውሃ አትፈትኑ፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚተወውን ነጭ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚወጣውን አሮጌ ውሃ ለአቧራ ማብረጃ አውሉት፤ ኮንክሪት ውስጥ ግን አይግባ።

ሁለተኛው በከተማ ውስጥ ከሚያልፍ ወንዝ በሚመጣ አሸዋ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ነው፦ ገራባ (ከጫት የተረፈ ቅጠልና እንጨት)፣ ፌስታል፣ የከብት እበት። የበሰበሰ ቅጠል ሲሚንቶ በጊዜው እንዳይጠነክር ያደርጋል። በመጀመሪያው ደረቅ ወንፊት ላይ በእጅ ይለቀም። ከጉድጓዱ ላይ የሚንሳፈፈው ጠዋት ጠዋት ይጠለል። ጭቃው ከጠቆረና ከሸተተ ለጡብ አይሁን፤ ወደ ችግኙ ይሂድ።

ከዚህ እጣቢ ምንም ነገር ብረት ወዳለበት ኮንክሪት አይግባ። ለኮለን፣ ለቢም፣ ለሶሌታ የታጠበው አሸዋ ብቻ። ጡቡም ፎቅ ለሌለው መኖሪያ፣ ለመጋዘን፣ ለአጥር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ናሙናውን ላብራቶሪ አስለክቶ መሐንዲስ ይጠይቅ።

ከእያንዳንዱ ቀን ምርት 28 ቀን የሞላቸው 3 ጡቦች በርሜል ውሃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ይዋሉ። እርጥብ ጡብ ደረቁ ካለው ጥንካሬ ግማሽ ያህሉን ቢያጣ የተለመደ ነው፤ ጠርዙን በምስማር ስትፍቁት ግን ጭረት ብቻ ሊቀር ይገባል። ምስማሩ ከገባ ወይም ማዕዘኑ በጣት ከረገፈ የዚያን ቀን ምርት አትሽጡ። ፈጭታችሁ በወንፊት ንፉትና በአንደኛው ጉድጓድ አሸዋ ቦታ ለሚቀጥለው ልውስ ስፈሩት፤ የመሸብሸብ ሳጥኑን ግን እንደገና ሙሉ።